ሳምባ

ከጧቱ ሦስት ሰዓት፤ ጭጋጉ ከጦሳ ወገብ ሳይነሳ፣
ወይዘሮ ዘምዘም ደወሉ ከመስኮት ሦስት፦ «ጦይባ፣ አሁንም እምቢ አለሳ!»

ሰርቨራችን አንድ ነው፤ ከደረጃው ሥር፣ ከመጥረጊያው ጎን ይኖራል።
ፋይል የምንጋራበት ፕሮግራም ሳምባ ይባላል፤
ቢሮው በሙሉ በሱ ይተነፍሳል።
ዛሬ ትንፋሽ የለም።

ሰልፉ ከካርታ ክፍል አልፎ ግቢው በር ደርሷል፤
የሙጋዱ ሽማግሌ ከዘራቸውን ወንበር አድርገው፣
ልጅ ያዘለች ሴት የይዞታ ቁጥሯን መዳፏ ላይ ጽፋው።

እኔ ሩት ነኝ። ሥር ማለት ነው። ከኔ በታች አፈር ብቻ፣
ብዬ አምን ነበር፤ እስከዚህች ሰኞ ብቻ።
በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩት፦ ሰባት፣ ሰባት፣ ሰባት፤
ለባለቤት፣ ለጎረቤት፣ ለአላፊ አግዳሚም መግባት።
ያው እምቢታ።
ሎጉን ገለጥኩ፦ ተከልክሏል። ተከልክሏል። ተከልክሏል።

ለካ ከባለቤት ፈቃድ በላይ የቆመ ሌላ ዘብ አለ፤
«የማን ልጅ ነህ» አይልም፤ ግንባርህን አንብቦ፣ ካልተጻፈልህ «አይሆንም» አለ፣ አለ።
አጎቴ ሽኩር ትዝ አለኝ፣ ኮምቦልቻ ክር ፋብሪካ በር ላይ የሚውለው፣
ባጁን የረሳ ሥራ አስኪያጅ ዝናብ ላይ ያቆመው።
ያን ቀን ስቀን ነበር።

አቶ እንግዳወርቅ ከላይኛው ፎቅ፦ «ዘብ ምናምን አጥፊው በቃ!
አንዲት ዜሮ ናት አሉኝ፤ ጻፊያትና ሕዝቡ ይለቀቃ!»
ጣቴ ዜሮዋ ላይ ደረሰ። አልዋሽም።
ደረሰና ቆመ።
ሌባም የሚመጣው ሰልፍ በረዘመ ቀን ነው።

ፋይሎቹን አንድ በአንድ አገላብጬ አየሁ። የኛው ናቸው።
መለያቸው ግን «ቤት» ይላል፤ የጦይባ ጓዳ ነው አገራቸው።

ያኔ ገባኝ።
ያን ጥቅምት፣ ደሴ በሌሊት ጫማዋን ስትፈልግ፣
ዲስኩን ነቅዬ፣ በልጄ ሹራብ ጠቅልዬ፣
ሐረጎን ቁልቁል በእግሬ።
ከዚያ ወዲህ በመሳቢያዬ ኖረ።
ትናንት አዲሱ ማሽን ሲመጣ መጀመሪያ ጓዳዬ አሳረፍኩት፣
ከጓዳዬ ወደ ጋራው ክፍል አዛወርኩት።
አልገለበጥኩትም። አዛወርኩት።
የተገለበጠ፣ የደረሰበትን አገር ስም ይለብሳል፤
የተዛወረ፣ የወጣበትን ቤት ስም ግንባሩ ላይ እንዳተመ ይደርሳል።
(ይህን ከሰው አውቀዋለሁ።
ከፋይል አልጠበቅሁም።)

በመጀመሪያ በእርሳስ ጻፍኩ። ተከፈተ። ሰልፉ ተነቃነቀ።
መብራት ሄዶ መጣ፤ ማሽኑ ሲነሳ ዘቡ ከመዝገቡ አስተያይቶ እርሳሴን ፋቀ።
«ጦይባ?» አሉ ዘምዘም። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ገለበጥኩት።

ሁለተኛውን በቀለም፤ ፋይሉ ላይ ሳይሆን ሕጉ ላይ፦
በዚህ መንገድ ሥር ያለ፣ ነገም የሚወለድ፣ የሳምባ ነው ብዬ።
ግን ከዚያ በፊት አንዲት ፋይል ለይቼ፣
ካርታ ያልሆነች፣ በዚያ ሌሊት ከካርታዎቹ ጋር የወጣች፣
የእናቴ በር ፎቶ፣ ሰማያዊ ቀለሙ ሳይቃጠል፤
ወደ ጓዳዬ መለስኳት።
ከዚያ ዘቡን «በሕግህ አድስ» አልኩት።
አራት ሺህ ስም አለፈ በስክሪኑ፣ እያንዳንዱ እየተጠራ፣ እየተመለሰ።

ዘምዘም ጮኹ፦ «ተነፈሰ!»
የሙጋዱ ሽማግሌ ቦርከናን ፈልገው አጡት አሉ፣
መነጽራቸውን ጠርገው ደገሙ፣ ጣታቸው እስክሪኑ ላይ ቀረ።

ማምሻውን ፎቶዋን ከዘምዘም ኮምፒውተር ልከፍታት ሞከርኩ፤ ለሙከራ ያህል፣
እውነት ለመናገር፣ ለማየት ያህል።
ተከልክሏል።
ግንባሯ ላይ «ቤት» ይላል።
መብራቱን አጥፍቼ ወጣሁ።